በእንጦጦ ዞሮ ገጠም ጉዞ ላይ ኪሎ ሜትር ብቻ መጻፍ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ጋራውን ሲያለብሰው የአዲስ አበባ ሰው በየቅዳሜው ወደ እንጦጦ፣ ወደ የካ፣ ወደ ወጨጫና ወደ የረር ይወጣል። ወጣቱ፣ ጎልማሳው፣ ቤተሰቡን ያስከተለው ሁሉ ተራራውን መውደዱ እጅግ ያስደስተናል። ጋዜጦችም በሳምንቱ መጨረሻ የት መሄድ እንደሚቻል እየጠቆሙ ያግዛሉ። ጥቆማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ይዞ ይወጣል፤ የመነሻውን ስምና የኪሎ ሜትሩን ብዛት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈንም ይኸው ነው።

ሄዶ በመጣበት ለሚመለስ መንገድ ኪሎ ሜትር የሚናገረው ነገር አለ፤ የደከመው ሰው ፊቱን አዙሮ የሚያውቀውን መንገድ ይወርዳል። ሸንተረር ወጥቶ፣ ሸጥ ተሻግሮ፣ በሌላ በኩል ዞሮ ለሚገጥም መንገድ ግን ኪሎ ሜትር ብቻውን አንባቢን ያሳስታል። እንዲህ ላለው ጉዞ የዳገቱ ድምር፣ የወንዝ መሻገሪያው ብዛት፣ የሚፈጀው ጊዜና ካልተቻለ ወደ ኋላ የሚዞሩበት ሰዓት አብረው መጻፍ አለባቸው። ለምን እንደሆነ እናስረዳ።

የእንጦጦን ደቡባዊ ፊት ከከተማው ሆኖ ለሚያየው ሰው ተራራው አንድ ወጥ ግድግዳ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ሌላ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ገባሮቻቸው ከላይ ወደ ታች እየቆፈሩ ወርደው ተራራውን ሸንሽነውታል፤ በየሁለቱ ጅረት መካከልም አንድ ተረተር ቀርቷል። ተረተሩን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ሰው አንድም ወንዝ ሳይሻገር ጫፉ ላይ ሊደርስ ይችላል። በተራራው ወገብ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አግድም የሚሄድ ግን ያገኘውን ሸጥ ሁሉ መውረድና መልሶ መውጣት ግዴታው ነው። ዞሮ ገጠም መንገድ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ አግድም መሄዱ አይቀርም፤ ያለዚያ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሸጥ 40 ሜትር ቢጠልቅ፣ አምስት ሸጥ የሚያቋርጥ አግድም መንገድ 200 ሜትር ዳገትና 200 ሜትር ቁልቁለት በሆዱ ይዟል። መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ያየ ሰው "ሜዳ ነው" ብሎ ይነሳል። ካርታም ሁልጊዜ አያድንም። በአገራችን 1፡50,000 ካርታ ላይ በአንዱና በሌላው የከፍታ መስመር መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ስለሆነ፣ 15 ሜትር የሚጠልቅ ጠባብ ሸጥ በመስመሮቹ መካከል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። 15 ሜትር የአምስት ፎቅ ቤት ቁመት ነው፤ ተንጠላጥለው የሚወርዱት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበላል። የስልክ መንገድ መቅጃም ሸጥ ውስጥ ሲገባ ይዘባርቃል። ሰማዩ ስለሚጠብ ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት በዐለቱ ላይ እየነጠረ ነጥቡን ወዲያና ወዲህ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ከስልክ ላይ የተቀዳ የዳገት ድምር እንዳለ ተወስዶ ጋዜጣ ላይ ባይወጣ መልካም ነው። ሌላ ሰው በሌላ ቀን ከቀዳው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ጊዜውን ለማስላት እስካሁን ከሚሠራባቸው መላዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ 1 ሰዓት ይታሰባል። 14 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በድምሩ 700 ሜትር ዳገት ያለው አንድ ዙር እንውሰድ። ርቀቱ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ ዳገቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 4 ሰዓት ሊሞላ 2 ደቂቃ የቀረው ይሆናል። ይህ ግን ለለመደ፣ ለማያርፍና ሸክም ለሌለበት ሰው ነው። ልጅና አዋቂ ለተቀላቀሉበት ቡድን፣ በእኛ ከፍታ ላይ፣ ውጤቱን በአንድ ተኩል ማባዛት ልክ ይመጣል፤ ወደ 6 ሰዓት። ከጠዋቱ 12፡30 የተነሳ ቡድን ከቀኑ 6፡30 ላይ ይጨርሳል። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ቁርስ ተበልቶ፣ ሰው ተጠባብቆ 3 ሰዓት ላይ የተነሳው ግን የሚጨርሰው 9 ሰዓት ነው። በክረምት የእንጦጦ ነጎድጓድና ዶፍ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ሁለተኛው ቡድን የመጨረሻውን ሸጥ የሚደርሰው ወንዙ በሞላበት ሰዓት ነው። ርቀቱ ያው 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተለየው የመነሻው ሰዓት ብቻ።

ስለ ከፍታው ጥቂት እንበል። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ነው፤ የእንጦጦ ከፍተኛው ጫፍ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ሸንተረሩ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን መስቀል አደባባይ ላይ ከሚገባው አንድ አሥረኛ ገደማ ያንሳል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝም ከከተማው መሐል ወደ ላይ ሲወጣ የ5 ዲግሪ ልዩነት አለ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ግማሹን ለምዶታል። ከድሬዳዋ፣ ከጅቡቲ ወይም ከውጭ አገር ትናንት የመጣ ዘመድን ዛሬ ይዞ መውጣት ግን ደግ አይደለም። ሁለትና ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ ይሰንብት። ዳገቱ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ "ትንሽ ነው የቀረን" እያሉ ማበረታታት ጉዳት አለው።

ዙሩ በየት በኩል ይጀመር? ይህን ጥቆማዎች ጨርሶ አያነሱትም። በበጋ መልሱ ግልጽ ነው፤ በቀጥ ያለው በኩል ይወጣል፣ በለዘበው በኩል ይወረዳል። ምክንያቱ ባሕር ዛፍ ነው። ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን የሸፈነው ይህ ዛፍ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አያበቅልም፤ የረገፈውም ቅጠል ለማገዶ ይጠረጋል። የሚቀረው በደረቀው ቀይ አፈር ላይ የተበተነ የባሕር ዛፍ ፍሬና ልጣጭ ነው። ሲወጡበት አይታወቅም፤ ሲወርዱበት ግን ከጫማ ሥር እየተንከባለለ ይጥላል። እዚህ ላይ የሚወድቅ ሰው እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ካረፈ የእጁ አንጓ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ቁልቁለት መንገዱ ውስጥ ካለ ተረከዝ አስቀድሞ ከመርገጥ ይልቅ እግርን ጎን አዙሮ፣ ጉልበትን ዕጥፍ አድርጎ፣ አጭር አጭር እየተራመዱ መውረድ ነው። ዱላ እዚህ ዋጋውን ያሳያል።

በክረምት ግን ምርጫው ይለወጣል። መሻገሪያ የበዛበት ወገን ቀጥ ያለ ይሁን የለዘበ፣ በጠዋት መታለፍ ያለበት እሱ ነው። ቁልቁለት ያንሸራትታል፤ ውኃ ግን ይወስዳል። ሁለቱ ሲጋጩ ለውኃው ማድላት ይገባል።

የእንጦጦን ጅረቶች ብዙ ሰው የሚንቃቸው በበጋ ስለሚያውቃቸው ነው። ጥር ላይ በአንድ እርምጃ የሚዘለለው ውኃ ነሐሴ ላይ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። ተራራው ቀጥ ያለ፣ አፈሩ የተራቆተ፣ የጅረቱ ርዝመት አጭር ነው፤ ዝናቡን የሚያዘገየው የለም። ለአብነት አንድ ሸጥ ውኃ የሚሰበስብበት ስፋት 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሁን እንበል። በግማሽ ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ በላዩ ቢፈስ 20,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወርድ በየሰከንዱ ከ5 ሜትር ኩብ በላይ ያልፋል። 3 ሜትር ስፋት ባለው ቦይ ውስጥ፣ ውኃው በሰከንድ 2 ሜትር ቢሮጥ እንኳ፣ ጥልቀቱ 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጎልማሳን ከጭኑ ይዞ የሚጥል ኃይል ነው። ደግሞም የሚወርደው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ድንጋይና ግንድ ያንከባልላል።

ዝናቡ የግድ ተጓዡ ላይ መዝነብ የለበትም። ሸንተረሩ ላይ ደመና ጠቁሮ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ደራሽ ጎርፍ የተባለውም ሳይጠበቅ ስለሚደርስ ነው። ምልክቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል፦ ጥርት ያለው ውኃ በድንገት ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ድምፁ ይወፍራል። ከሦስቱ አንዱ ሲታይ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይሉ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው መውጣት ነው። ሸጥ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት በክረምት ፈጽሞ አይገባም፤ ቦታው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን።

መሻገር ግድ ሲሆን መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ከመሻገሪያው በታች ያለው ይታያል፤ ፏፏቴ ወይም ጠባብ የዐለት ጉሮሮ ካለ እዚያ ቦታ አይሻገሩም። የተሻለው ቦታ ውኃው ሰፍቶ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ነው፤ የሰፋ ውኃ ጥልቀቱ ያንሳል። ጫማ አይወለቅም፤ ባዶ እግር በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ አይጸናም። ካልሲ አውልቆ ጫማውን መልሶ ማሰር ይሻላል፤ ማዶ ሲደርሱ ደረቅ ካልሲ ይጠብቃል። የጀርባ ቦርሳው የወገብ ማሰሪያ ይፈታል፤ ሰው ቢወድቅ ቦርሳውን ጥሎ መነሳት እንዲችል። ፊት ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት ይዞራል፤ ዱላው ከፊት ይተከላል፣ ከዚያ በጎን አንድ አንድ እርምጃ። ዱላውና ሁለቱ እግሮች ሦስት ሆነው፣ ሁለቱ ሳይጸኑ ሦስተኛው አይነሳም። ገመድ ወገብ ላይ ታስሮ መሻገር ግን በጣም አደገኛ ነው፤ ሰውዬው ሲወድቅ ገመዱ ውኃው ሥር ይዞ ያስቀረዋል።

ውኃው ከጉልበት ካለፈ፣ ወይም ደፍርሶ ታቹ የማይታይ ከሆነ፣ መልሱ መቆም ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዎች ሲሻገሩ እየሳቁ ነው፣ የቀሩት ይከተላሉ፣ ውኃው ደግሞ በዚያው መካከል ይጨምራል፤ አባቶች "ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ያሉት ይህንኑ ነው። ቡድን ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ማዶ ለማዶ መጯጯህ ነው የሚቀረው። የእነዚህ ሸጦች ደግነት እንዳሞላላቸው ፈጥነው መጉደላቸው ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ከፍ ካለ ቦታ መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እነዚያ ሁለት ሰዓታት እንዲኖሩ ነው እንግዲህ በ12፡30 መነሳት ያስፈለገው።

መንገድ ስለ መጥፋትም አንድ ልዩ ነገር አለ። የእንጦጦ ሸንተረር ውኃ ከፋይ ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ይዞ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ ሜዳ በኩል ሙገርን፣ ከዚያም ዓባይን ይዞ እስከ ሜዲትራኒያን ይጓዛል። ሐምሌ ውስጥ ጉም ሸንተረሩን ሲሸፍነው አሥር እርምጃ የማይታይበት ጊዜ አለ፤ ጫፉም ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰው ሳያውቀው ወደ ሰሜኑ ፊት ይሻገራል። ቁልቁል ከወረደ ከተማ የሚደርስ ይመስለዋል፤ እየራቀ ነው። ስለዚህ ኮምፓስ ይያዝ፤ ስልክ ላይም አለ። ያገኙት ጅረት በኮምፓሱ ወደ ሰሜን የሚፈስ ከሆነ ጀርባውን ሰጥቶ ሽቅብ መመለስ ነው።

በደቡቡ ፊት ላይ የጠፋ ሰውም "ወንዙን ልከተል፣ ከተማ ያወጣኛል" ማለት የለበትም። እውነት ነው፣ ወንዙ ከተማ ይገባል፤ ግን በገደል በኩል ነው የሚገባው። የላይኞቹ ሸጦች ፏፏቴና ቀጥ ያለ ዐለት አላቸው፤ አንዱን ተንሸራቶ የወረደ ሰው ቀጣዩን መውረድ፣ ያለፈውን መልሶ መውጣት ያቅተዋል። ስልክም እዚያ ውስጥ አይሰማም። የሚያወጣው ተረተሩ ነው። ወደ ቅርቡ ተረተር ወጥቶ ጀርባውን ይዞ መውረድ፤ መንገዱ፣ ቤቱ፣ ሰውም ኔትወርክም ያለው እዚያ ላይ ነው። አደጋ ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት በ939 ይገኛል። ስልክ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪውን እንዳይጨርስ ጉዞው ላይ በበረራ ሁኔታ ማድረግ ይጠቅማል፤ የሳተላይት ምልክት በዚያም ሁኔታ ይሠራል፣ ካርታው ብቻ ከቤት ተጭኖ መምጣት አለበት።

ሸንተረሩ ላይ ነጎድጓድ ሲይዝ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ይቆጠራል። በ3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ከ30 ካነሰ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ከጫፉ መውረድ ይገባል፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱም። ለብቻው የቆመ ረጅም ዛፍ መጠለያ አይደለም። ከዝናቡ በኋላ ደግሞ ብርዱ ይመጣል። የራሰ የጥጥ ቲሸርት፣ ነፋስና 3,000 ሜትር ሲገናኙ ሰውነት በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ በበጋ ቀን እንኳ። መንቀጥቀጥ የጀመረ፣ ንግግሩ የተወላገደ ሰው ወዲያው ደረቅ ልብስ ይለብስ፣ ጣፋጭ ነገር ይቅመስ። ለዚህ አንድ የሱፍ ሹራብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መኖሩ ይበቃል።

ውኃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ይታሰብ፤ ለ6 ሰዓት 3 ሊትር። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ይጨርሰዋል። የጅረቱ ውኃ ጥርት ብሎ ቢታይም ከላይ ከብት ይሰማራበታል፤ ሳይፈላ ወይም በክሎሪን ታክሞ 30 ደቂቃ ሳይቆይ አይጠጣም። ለስንቅ ከበሶ የሚሻል አናውቅም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውኃ በጥብጦ ትንሽ ጨውና ስኳር ጨምሮ ቢጠጡት ያበረታል። ቆሎ ጥሩ ቢሆንም ውኃ ያስጠማል። ማስታወክ ወይም ተቅማጥ ለያዘው አንድ የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ውኃ፤ ከሌለ በሊትር 6 ትንንሽ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ትንሽ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልካቸው የተስተካከለ።

ከዚህ ጋር የጾሙ ነገር አለ፤ የጉዞ አስተባባሪዎች ሊያስቡበት ይገባል። ዐቢይ ጾም የሚውለው መንገዱ በደረቀበት፣ ጉዞውም በሚበዛበት ወቅት ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ሰው ቡድኑ ውስጥ መኖሩ አይቀርም። የረመዳን ጿሚም እንዲሁ። ማንም ስለ ጾሙ እንዲናገር አይገደድም። ይልቁንም በጾም ወራት የዙሩን ዳገት በድምሩ ከ300 ሜትር፣ ጊዜውንም ከ3 ሰዓት ማሳነስ፣ በማለዳ ተነስቶ ፀሐይ ሳትጠነክር መጨረስ ሁሉንም ይጠብቃል። ለረመዳን ጿሚ ከሱሑር በኋላ ያለው ማለዳ ከአመሻሹ ይሻላል፤ አመሻሹ ወደ ኢፍጣር ቢቀርብም ጨለማው ይደርሳል። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጅብም የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። የእጅ ባትሪ ሁልጊዜ ይያዝ።

ስለ ጫማ ብዙ ይወራል፤ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ከተረከዝ የማይላቀቅ ከሆነ በቂ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ክሩን አጥብቆ ማሰር ከውድ ጫማ ይበልጣል። የእግር ጥፍር ከዋዜማው ይቆረጥ። በሱሉልታ በኩል በክረምት ዋልካው ጫማ ላይ እየተጋገረ እግርን ያከብዳል፤ ሣር ሣሩን መርገጥ ነው።

የእረኛና የግቢ ውሾች የብዙ ተጓዥ ሥጋት ናቸው። መሮጥ አይገባም። ቆም ብሎ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ብዙውን ጊዜ ያርቃቸዋል። የነከሰ እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጀመር ያስፈልጋል። ትንሽ ጭረት ናት ብሎ መተው ሕይወት ያስከፍላል፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውምና። ስለዚህ ቁራጭ ሳሙና ከፋሻው ጋር ይያዝ።

ቡድን ሲሆን አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከኋላ ይኖራል፤ ከኋለኛው ኋላ ማንም አይቀርም። ሰው የሚጠፋው በመንታ መንገድ ላይ ስለሆነ በየመንታው ይቆማል፣ ይቆጠራል። በዞሮ ገጠም መንገድ ላይ ከግማሹ በኋላ መመለስ ከመቀጠል ይረዝማል፤ ስለዚህ የመመለሱ ውሳኔ ከግማሹ በፊት ያለቀ መሆን አለበት። በምሳሌነት ባነሳነው የ6 ሰዓት ዙር፣ 12፡30 የተነሳ ቡድን ግማሹን 3፡30 ላይ መድረስ ነበረበት። እስከ 4፡30 ካልደረሰ በመጣበት ይመለስ። ይህ ሰዓት ጠዋት፣ ሁሉም ሰው ገና ትኩስ ሳለ ጮክ ተብሎ ይነገር። ዳገት ላይ ተነስቶ የሚወሰን ከሆነ እልህ ይገባበታል።

መንገዱ የሰው መንገድ መሆኑም አይዘንጋ። እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱ እናቶችና እህቶች ጋር በጠባብ ቦታ ስንገናኝ የምንለቀው እኛ ነን፤ ሸክማቸው ከመንገዱ ይሰፋል፣ ቆመው ለመነሳት ደግሞ ጉልበት ይጠይቃቸዋል። ስንለቅ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ጠጋ ብለን ነው። በሱሉልታ በኩል "አካም ቡልተን" ብሎ ሰላምታ የሰጠ ሰው መንገድ ጠይቆ አያፍርም። በጸበል ቦታ አጠገብ ጫጫታና ሙዚቃ ይቅር።

አሁን ወደ ልመናችን። የጉዞ ጥቆማ ስታወጡ በዚህ መልክ ብታትሙልን፦ "ርቀት 14 ኪሎ ሜትር፤ የዳገት ድምር 700 ሜትር፤ ከፍተኛው ቦታ 3,100 ሜትር፤ የወንዝ መሻገሪያ 5፣ ሁሉም በመጀመሪያው ግማሽ፤ ለድብልቅ ቡድን 6 ሰዓት፤ መነሻ ከጠዋቱ 12፡30፤ መመለሻ ሰዓት 4፡30፤ በሐምሌና በነሐሴ አይመከርም።" ሦስት መስመር ነው። ለማስታወቂያ ከሚሰጠው ቦታ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ የሰው ልጅ ግን ይመልሳል።

መንገዶቹን ለሚያስተዳድሩ አካላትም በዓምዳችሁ በኩል አንድ ነገር እንጠይቃለን። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ያለው መንገድ የተስተካከለ ነው፤ የምንናገረው ከፓርኩ ውጭ ስላሉት የድሮ የእግር መንገዶች ነው። በየመንታው ምልክት ያስፈልጋል። ምልክቱ ዛፍ ላይ በሚስማር ባይመታ ይሻላል፤ ባሕር ዛፍ ልጣጩን ይጥላል፣ ይቆረጣልም። ዐለት ላይ በቀለም ይቀባ፤ ከሁለቱም አቅጣጫ እንዲታይ ሆኖ። አንዱ መንታው ላይ፣ ሌላው ከመንታው 50 ሜትር አልፎ ይሁን፤ ሁለተኛውን ያላገኘ ሰው መሳሳቱን ወዲያው ያውቃል። እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ለ939 የደወለ ሰው "ባሕር ዛፎቹ መካከል ነኝ" ከማለት "ቁጥር 17 አጠገብ ነኝ" እንዲል። በየመሻገሪያው ደግሞ ከሁለቱም ዳር፣ ከማይንቀሳቀስ ዐለት ላይ፣ የቦዩ ጥልቁ ቦታ ሲለካ ውኃው የጎልማሳ ጉልበት የሚደርስበት ልክ በቀይ መስመር ይሰመር። መስመሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ አይሻገሩም፤ ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ የሚረዳው ነው። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ውኃው በጎደለበት በበጋ ሲሆን፣ ቀለሙም ግንቦት ሳያልቅ መቀባት አለበት፤ ሰኔ ከገባ ዐለቱ ስለማይደርቅ ቀለም አይዝም።

ከአክብሮት ጋር፣

በእንጦጦና በየካ ተራሮች የእግር ጉዞ ቡድኖችን የሚመሩ አንባቢዎቻችሁ
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ